ጥቂቶች በምክር ቤት ምን ይሠራሉ?



በዚህ አዳራሽ ውስጥ የእድር ስብሰባ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ «ምልዓተ ጉባኤ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት አልደክምም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ይጠበቃል። ጸሐፊው ይቆጥራል፤ እንደገና ይቆጥራል። ቁጥሩ አልሞላም፤ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። የመጡት ያጉረመርማሉ። ቤታቸው የቀሩት ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እጃቸውንም ሳያወጡ የዕለቱን ውሳኔ አስቀርተዋል።

ዛሬ የማወራችሁ በድምፅ ስለሚበለጡ ሰዎች ነው። በምንኖርበት በቴክሳስ ስቴት ምክር ቤት ቁጥራቸው አንሶ፣ እጅ ባወጡ ቁጥር የሚሸነፉት ተወካዮች ምን ይሠራሉ? ደመወዝ የሚከፈላቸውስ ለምንድን ነው? በዚህ ዘመን በቴክሳስ ጥቂቶቹ ዴሞክራቶች ናቸው፤ በሌላ ስቴት ደግሞ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ እነሱንም አነሳለሁ። ለማን ድምፅ እንደምትሰጡ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዓመቶቹንና ወራቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ስለ አገራችን ስናገር ግን ዓ.ም. እላለሁ።

አብዛኞቻችን የምንከታተለው የዋሽንግተንን ዜና ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ የነርስነት ፈቃዳችን፣ የቤታችን ግብር፣ የመንጃ ፈቃዳችን ግን የሚወሰኑት እዚሁ ስቴታችን ውስጥ፣ ኦስቲን ላይ ነው። እዚህ ካላችሁት ታክሲ ወይም ኡበር የነዳችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። በ2017 የወጣው በቁጥር 100 የሚታወቀው ሕግ በመተግበሪያ የሚሠራውን የመኪና አገልግሎት ከየከተማው ምክር ቤት እጅ አውጥቶ ለስቴቱ ሰጠው። አሽከርካሪው አሻራ ይስጥ አይስጥ ከተማው መወሰን ቀረ። የብዙ ወንድሞቻችን እንጀራ የተነካው በዚያ ሕግ ነው፤ በዚያን ሰሞን ስለዚህ ሕግ በማኅበራችን ሲወራ ግን አልሰማሁም።

ምክር ቤቱ ሁለት ቤቶች አሉት፤ የተወካዮቹ ቤት 150፣ ሴኔቱ 31 ወንበር። መደበኛ ጉባኤው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለ140 ቀን ብቻ ይቀመጣል። የአንድ ተወካይ ደመወዝ በወር 600 ዶላር ነው፤ በስብሰባ ቀናት አበል ይጨመርለታል። በ2023 ጉባኤ ከ8 ሺህ በላይ ረቂቅ ሕጎች ቀርበው ሕግ የሆኑት 1,200 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ብዙዎቹ በድምፅ ተሸንፈው አልወደቁም፤ ሰዓት አልቆባቸው ነው። ጊዜ የጥቂቶች ዘመድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስቶ፣ አንዱን ረቂቅ በረጅም ንግግር ይዞ፣ የመጨረሻዋ ቀን እኩለ ሌሊት እስክትደርስ መቆየት የቻለ ተወካይ ከኋላ የተሰለፉትን አሥር ረቂቆች ሊያስቀር ይችላል።

ሌላው መሣሪያቸው ያ የእድራችን ቃል ነው። በአብዛኛው ስቴት ከአባላቱ ግማሽ በላይ ከተገኘ ስብሰባ ይጀመራል። ቴክሳስ፣ ኦሪገን፣ ኢንዲያናና ቴነሲ ግን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃሉ። በቴክሳስ ይህ ማለት ከ150ው 100 ሰው ወንበሩ ላይ መገኘት አለበት ማለት ነው። በ2025 ሪፐብሊካኖች 88፣ ዴሞክራቶች 62 ነበሩ። 62 ሰው ምንም ሕግ ማውጣት አይችልም። ከእነሱ 51ዱ ከስቴቱ ከወጡ ግን የሚቀረው 99 ነውና ቤቱ ሥራ ያቆማል።

ይህን አድርገውታል፤ አንድ ጊዜም አይደለም።

በ1979 አሥራ ሁለት ሴናተሮች የፕሬዚዳንት ዕጩ ምርጫን ቀን የሚለውጥ ረቂቅ ለማስቀረት ተሰወሩ። ብዙዎቹ ለአራት ቀን ያህል የተደበቁት እዚያው ኦስቲን ውስጥ፣ ከመኪና ማቆሚያ ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ነበር። ሊይዟቸው የወጡት የስቴቱ ፖሊሶች የአንዱን ሴናተር ወንድም በእሱ ፋንታ ይዘው ኦስቲን ድረስ አመጡት። ረቂቁ ቀረ፤ አሥራ ሁለቱ አሸነፉ። ያሸነፉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጉባኤው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

በ2003 ዴሞክራቶች የኮንግረስ ምርጫ ወረዳዎችን ካርታ ለማስቀረት መጀመሪያ ወደ ኦክላሆማዋ አርድሞር፣ ኋላም አሥራ አንድ ሴናተሮች ወደ ኒው ሜክሲኮዋ አልበከርኪ ሄደው ከአንድ ወር በላይ ቆዩ። አገረ ገዥው ልዩ ጉባኤ ደጋግሞ ጠራ። ከሴናተሮቹ አንዱ፣ ጆን ዊትማየር፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ቁጥሩ ሞላ፤ ካርታው ጸደቀ። በ2004 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ከ32ቱ የቴክሳስ የኮንግረስ ወንበሮች 21 ያዙ።

በ2021 ደግሞ ጉዳዩ የምርጫ ሕግ ነበር። ሐምሌ ወር ላይ ከ50 በላይ ተወካዮች በኪራይ አውሮፕላን ዋሽንግተን ገቡ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ሞላ፤ ሕጉም ወጣ። በከንቱ ሄዱ ግን አልልም። ግንቦት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥለው በወጡበት ረቂቅ ውስጥ እሑድ ጠዋት ድምፅ መስጠትን የሚያጠብና የምርጫ ውጤትን በፍርድ ቤት መሻርን የሚያቀል አንቀጽ ነበረበት፤ ሁለቱም ከኋለኛው ረቂቅ ወጡ። የቀረው ክፍል ግን እኛንም ነክቶናል። በቴክሳስ 65 ዓመት የሞላው ሰው በፖስታ መምረጥ ይችላል፤ እዚህ ካሉት አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚመርጡት። አዲሱ ሕግ በፖስታው ላይ የመታወቂያ ቁጥር ይጻፍ፣ ከመዝገቡም ጋር ይመሳከር አለ። በመጋቢት 2022ቱ የዕጩዎች ምርጫ ከ24 ሺህ በላይ የፖስታ ድምፆች ውድቅ ሆኑ፤ ከመቶ 12 ያህሉ ማለት ነው።

የ2025ቱን ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ እንደገና በኮንግረስ ካርታ ምክንያት፣ ከ50 በላይ ተወካዮች አብዛኞቹ ወደ ኢሊኖይ ሄዱ። በዚህ ጊዜ በቀን 500 ዶላር ቅጣት ይጠብቃቸው ነበር፤ ይህን ደንብ ብዙኃኑ ያስገቡት ከ2021 በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ነሐሴ 20 ካርታው በ88 ለ52 ድምፅ አለፈ።

ከዚያ ሰሞን በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። የተመለሱት ተወካዮች ከአዳራሹ ለመውጣት ፖሊስ እየተከተላቸው እንዲሄድ የሚፈቅድ ወረቀት እንዲፈርሙ ተጠየቁ። የፎርት ወርዟ ኒኮል ኮሊየር አልፈርምም አለች። በሩ ተዘጋ። ሌሊቱን እዚያው፣ የምክር ቤት ወንበሯ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሳ አሳለፈችው። በማግሥቱ ፈርመው ወጥተው የነበሩ ጓደኞቿ ወረቀታቸውን ቀደው ተመልሰው ከእሷ ጋር አደሩ። ኢሊኖይ የሄዱት የተዉት ባዶ ወንበር የዜና ሰዎችን ሁሉ ሰብስቦ ነበር፤ ያች በወንበሯ ላይ ያደረች ሴት ግን የአንድ ተወካይ ሥራ ምን እንደሆነ ያለ ንግግር አሳየች። ወንበሩ የእሷ አይደለም፤ የመረጧት የፎርት ወርዝ ሰዎች ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ጥላው አልሄደችም።

ስለ መቆምም ልንገራችሁ። በሴኔቱ አንድ አባል ንግግሩን ካላቋረጠ ረቂቅን ማዘግየት ይችላል፤ ሕጉ ግን ጨካኝ ነው። መቀመጥ የለም፣ ጠረጴዛ መደገፍ የለም፣ መብላት፣ መጠጣት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ የለም፤ ከጉዳዩም መውጣት አይቻልም። ሦስት ጊዜ የተገሠጸ ንግግሩ ይቆማል። በሰኔ 2013 ዌንዲ ዴቪስ የስፖርት ጫማ አድርጋ፣ ጽንስ ማቋረጥን የሚገድብ ረቂቅ ለማስቀረት ለ11 ሰዓት ያህል ቆመች። ወገቧ ደክሞ አንድ ጓደኛዋ መደገፊያ ቀበቶ ሲያስርላት ያ እንደ ጥፋት ተቆጠረባት። ሦስተኛው ተግሣጽ ሲመጣ እኩለ ሌሊት ቀርቦ ነበር፤ ድምፁ የተሰጠው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ረቂቁ ወደቀ። አገረ ገዥው ሌላ ልዩ ጉባኤ ጠራ፤ በሚቀጥለው ወር ጸደቀ። በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕጉን ዋና ዋና አንቀጾች ሻራቸው። ስለ ጽንስ ማቋረጥ በመካከላችን ልዩ ልዩ እምነት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ እዚህ ያነሣሁት የመሣሪያውን ኃይልና ወሰን ለማሳየት ነው። ጥቂቶች ከብዙኃኑ ላይ የሚወስዱት ቀን ነው፤ አንዳንዴ ሳምንት። ልዩ ጉባኤ የመጥራት ሥልጣን ያለው አገረ ገዥ ከብዙኃኑ ጋር ከሆነ ያንን ቀን መልሶ ይተካዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ እስካሁን የተናገርኩት መንደርደሪያ ነበር።

በ2011 ሪፐብሊካኖች በተወካዮቹ ቤት 101 ወንበር ነበራቸው። ቁጥሩን ልብ በሉት። ከ100 በላይ ስለሆኑ ዴሞክራቶቹ አንድ ሳይቀር ቢወጡ እንኳ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል። የመሄጃው በር ተዘግቷል። በዚያ ዓመት ድምፅ ለመስጠት ፎቶ ያለበት መታወቂያ የሚያስገድድ ረቂቅ ቀረበ። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ይበቃል ይላል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መታወቂያ ግን አይበቃም። ጥቂቶቹ ተቀመጡ። ማሻሻያ ሐሳብ በማሻሻያ ላይ አቀረቡ፤ የተማሪ መታወቂያ ይካተት፣ ድኻው ወጪ ይቀነስለት እያሉ። አብዛኛው ውድቅ ሆነ። ደጋግመው ጠየቁ፤ ይህ ሕግ የትኛውን ችግር ይፈታል? ስንት መራጭ መታወቂያ የለውም? መልስ ያገኙትም ያላገኙትም በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። መጋቢት ላይ ረቂቁ በ101 ለ48 ድምፅ አለፈ። በዚያ ሌሊት ቤታቸው የገቡት እንደ ተሸነፈ ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጉዳዩ ኮርፐስ ክሪስቲ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛዋ ኔልቫ ጎንዛሌስ ራሞስ ሕጉ አድልዎ አለበት ብላ ስትፈርድ ከመዘነቻቸው ማስረጃዎች አንዱ እነዚያ ውድቅ የተደረጉ ማሻሻያዎች ናቸው። ጉዳቱን የሚቀንስ ሐሳብ ተነግሯችሁ ነበር፤ አንቀበልም ብላችኋል ለማለት መዝገቡ ጠቀማት። በሐምሌ 2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ችሎት ተቀምጦ ሕጉ በውጤቱ አድልዎ እንዳለበት አጸና። በ2017 ምክር ቤቱ ራሱ ሕጉን አለዘበ፤ የተፈለገውን መታወቂያ ማግኘት ያልቻለ መራጭ ምክንያቱን በፊርማው አረጋግጦ፣ ሌላ ማስረጃ አሳይቶ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ሕጉ አልፈረሰም፤ ዛሬም አለ። ጥቂቶቹ የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ የሌላት አንዲት አሮጊት ዛሬ ምርጫ ጣቢያ ሄዳ ያንን ወረቀት ፈርማ ስትመርጥ የምትገባበት በር የተከፈተው፣ በ2011 ሌሊት በተሸነፉ ሰዎች አፍና በቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እጅ ነው።

መሸሽ በማይቻልበት ዓመት የተሠራው ሥራ፣ ከሸሹባቸው ዓመታት ሁሉ የበለጠ ፍሬ አፈራ። ይህን ያልኩት የሄዱትን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው ጨንቆት የሚያደርገውን አውቃለሁ። እኔ የምፈርደው ግን ለተቀመጡት ነው።

የሄደ ሰው ሌላም ዕዳ ይተዋል፤ ደንቡ ይለወጥበታል።   በኦሪገን ጥቂቶቹ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ በ2019 የአየር ብክለት ረቂቅ ሲመጣ ሴናተሮቻቸው ወጡ፣ በ2020ም ወጡ። ሕዝቡ ሰለቸውና በ2022 ያለ ፈቃድ አሥር ቀን የቀረ የምክር ቤት አባል ለሚቀጥለው ዘመን እንዳይወዳደር የሚከለክል ድንጋጌ በራሱ ድምፅ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ፤ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ያህል ደገፈው። በ2023 እንደገና ለስድስት ሳምንት ወጡ። አሥር ሴናተሮች ዳግም የመወዳደር መብታቸውን አጡ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 አጸናው።

ቁጥር ያነሰው ወገን ምን ያህል ሊያተርፍ እንደሚችል ደግሞ በጥር 2025 በራሳችን ስቴት አይተናል። ሪፐብሊካኖች አፈ ጉባኤ ለመምረጥ እርስ በርስ ተከፋፈሉ። ደስቲን ባሮውስ በ85 ድምፅ አሸነፈ፤ ከግማሽ በላዩ የዴሞክራቶች ድምፅ ነበር። አፈ ጉባኤውን የመረጡት ጥቂቶቹ ናቸው ማለት ነው። ሆኖም በዚያው ወር የጸደቀው ደንብ፣ ለብዙ ዓመት የቆየውን ልማድ ሽሮ ጥቂቶቹ ኮሚቴ እንዳይመሩ ከለከለ፤ ምክትል ሰብሳቢነቱን ግን ለእነሱ ተወ። አንድ እጅ ሰጠ፣ አንድ እጅ ወሰደ።

ብቻውን ስለ ቀረ ሰውም ላንሳ። በኅዳር 2010 በተደረገው ምርጫ በሃዋይ ሴኔት ከ25 ወንበር አንድ ሪፐብሊካን ብቻ ቀረ፤ ሳም ስሎም ይባላል። ሌላ የፓርቲው ሰው ስለሌለ በሁሉም ቋሚ ኮሚቴዎች የሚቀመጠው እሱ ነበር። በ2016 ተሸነፈ፤ 25ቱም ወንበር የአንድ ፓርቲ ሆነ። በዚያው በ2010፣ በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፣ በአገራችን 547 ወንበር ባለው የተወካዮች ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግርማ ሰይፉ። አምስት ዓመት ሙሉ 546 ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ እጁን እያወጣ ጠየቀ። ረቂቅ አላስቀረም፤ ማስቀረት አይችልም። እኔ ግን በሬዲዮ ጥያቄውን ስሰማ «ይህ ነገር ሌላ ገጽ አለው ማለት ነው» ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ እሱም ቀረ፤ ከተቃዋሚ አንድም ሰው አልገባም። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የሌለበትን ፓርላማ አየን።

ስለ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሳልናገር ብወርድ እናንተም አትለቁኝም። ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ፤ በፓርላማም ከመቶ በላይ ወንበር በይፋ ተቆጠረለት። ተሰናባቹ ፓርላማ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ እንዲያስፈልግ ደንቡን ለውጦ ነበር። ውጤቱን ያልተቀበለው የቅንጅት አመራር አልገባም አለ፤ ከተመረጡት የተወሰኑት ገቡ፣ ሌሎቹ ቀሩ። ደም ፈሰሰ፤ ሰዎች ታሰሩ። በዚያ ሐዘን ውስጥ የነበረን ሰው እዚህ ዳላስ ተቀምጬ ልፈርድበት አልደፍርም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያሰብኩትን ልናገር፦ ያ ሁሉ ወንበር ተይዞ ቢሆን፣ ውድቅ የሚሆን ማሻሻያ እንኳ በየቀኑ እየቀረበ ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሰፍር፣ ዛሬ ልጆቻችን የሚያነቡት መዝገብ ይኖረን ነበር። በባዶ ወንበር ፋንታ የተጻፈ ቃል ይኖር ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በሐምሌ 2021 የምርጫ ሕጉ በኮሚቴ ሲታይ ምስክር ለመስጠት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተመዘገበ። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ እሑድ ጠዋት አለቀ። እኔ ቤቴ ሆኜ በቀጥታ ስርጭት እያየሁ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ስሙ የተጠራ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ዓይኑን አሽቶ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ደቂቃዎቹን ተናግሮ ይወጣል። ከዚያ ሌላው። ሕጉ ወጣ፤ የእነዚያ ሰዎች ቃል ግን በምክር ቤቱ መዝገብ አለ፤ ነገ የሚከራከር ጠበቃ ያነሣዋል። እስኪነጋ የቆዩት ስም ዝርዝር ውስጥ የእኛን ስም ፈለግሁ። አላገኘሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በተወካዮቹ ቤት ኮሚቴ ረቂቅ ሲታይ በካፒቶል ሕንፃ ውስጥ በተቀመጠው ስክሪን ስማችሁን ታስገባላችሁ፤ እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ ወይም አስተያየት ብቻ አለኝ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ዜጋ መሆን አይጠየቅም። ክፍያ የለውም። መናገር የማይፈልግ አቋሙን ብቻ መዝግቦ መሄድ ይችላል። የሚናገር ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ጽፋችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቹም ይማሩበት።

የሚቀጥለው የቴክሳስ መደበኛ ጉባኤ ጃንዋሪ 12 ቀን 2027፣ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ይከፈታል። ከዳላስ ኦስቲን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። መኪና ያላችሁ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስንት ሰው መጫን እንደምትችሉ ጻፉልን።